‹መሪ ሰዓት› ወይስ ‹መሪ ምት›? የዲጂታል ድምፅ መለወጫዎችን በአንድነት ለማስኬድ የሚያገለግሉ ቃላት አሰያየም

ሀ. መነሻ

የሙያ ቃል የሚፈተነው ቃሉን አንብቦ እጁን ወደ መሣሪያው በሚዘረጋው ባለሙያ ፊት ነው። ባለሙያው ያነበበውን ፈጽሞ ሥራው ከተቃና ስያሜው ሠምሯል ማለት ይቻላል። ያነበበውን በትክክል ፈጽሞ ሥራው ከተበላሸ ግን ጥፋቱ ቃሉን የመረጠው ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ የተነሣው ከእንዲህ ያለ ጥፋት ሲሆን፣ ጥፋቱም የራሴ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በገርጂ አካባቢ፣ አነስተኛ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ከፍተው የሚሠሩ ወጣቶች ከአንድ የእንግሊዝኛ መምሪያ ጥቂት ገጾች እንድመልስላቸው ጠየቁኝ። ስምንት ማይክሮፎን የሚቀበል አዲስ መለወጫ ገዝተው ቀድሞ ከነበራቸው መለወጫ ጋር በብርሃን ገመድ አገናኝተው ነበር። መምሪያው የሁለቱ መሣሪያዎች ‹ክሎክ› አንድ እንዲሆን ያዝዛል። እኔም «የሁለቱን መሣሪያዎች ሰዓት አመሳስል» ብዬ መለስሁት። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን አልነበረውም።

ወጣቶቹ የታዘዙትን ፈጸሙ። የኮምፒዩተሩንና የመቅረጫውን ቀንና ሰዓት እስከ ሰኮንዱ ድረስ አስተካከሉ፤ በሁለቱም መለወጫዎች ላይ 48,000 የሚለው ቁጥር መታየቱንም አረጋገጡ። ከዚያም ከሰሜን ሸዋ የመጡ አንድ አዛውንት በገና ደርዳሪ ቀረጹ። በገናው ሲደረደር እንከኑ አልታወቀም፤ እንዝራ የሚባሉት የቆዳ ቁራጮች ለበገና አውታሮች የሚሰጡት ንዝረት ሸፍኖት ነበር። አዛውንቱ በገናቸውን አስቀምጠው ትምህርቱን ከማን እንደ ተቀበሉ መናገር ሲጀምሩ ግን፣ በየሰኮንዱ ገደማ ‹ጠቅ› የሚል ድምፅ በቃላቸው መካከል ይገባ ነበር። ይህ የታወቀው እርሳቸው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ቀረጻውም አልተደገመም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ በመጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ እገልጻለሁ፤ ቀጥሎም ‹ሰዓት› እና ‹አመሳስል› የተባሉት ሁለት ቃላት ለምን እንዳሳሳቱ መርምሬ፣ በምትካቸው ሊውሉ ይችላሉ የምላቸውን ስያሜዎች ለሥነ ልሳን ባለሙያዎችና ለተርጓሚዎች ውይይት አቀርባለሁ።

ለ. ስለ ነገሩ ጥቂት መግለጫ

ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል። ይህ ሞገድ እንደ ወራጅ ውኃ ያልተቋረጠ ነው። ድምፅን ወደ አኃዝ የሚለውጠው መሣሪያ የዚህን ሞገድ ከፍታ በእኩል የጊዜ ልዩነት እየለካ በቁጥር ይመዘግባል። እያንዳንዱ ልክ ‹ናሙና› ይባላል። የሰው ጆሮ ሊሰማ የሚችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ በሰኮንድ 20,000 ንዝረት ያህል በመሆኑ፣ በሰኮንድ የሚወሰዱት ናሙናዎች ብዛት ከዚህ እጥፍ መብለጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ በሰኮንድ 44,100 ናሙና ይዟል፤ ለቴሌቪዥንና ለፊልም ሥራ ደግሞ የተለመደው 48,000 ነው። በ48,000 በሚሠራ መሣሪያ ከአንዱ ናሙና እስከ ሚቀጥለው ያለው ጊዜ 20.8 ማይክሮ ሰኮንድ ያህል ነው፤ ማይክሮ ሰኮንድ የሰኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ልብ ይሏል።

መለወጫው መቼ እንደሚለካ የሚነግረው ነገር ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ የሚያከናውነው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ከክሪስታሉ ንዝረት የሚገኘው ተከታታይ ምት መለወጫውን «አሁን ለካ፤ አሁን ለካ» እያለ ያዝዘዋል። በእንግሊዝኛ ‹ክሎክ› የተባለው ይኸው ምት ነው። ስንት ሰዓት እንደ ሆነ አያውቅም፤ ቀንና ሌሊትን አይለይም፤ ተግባሩ በእኩል ልዩነት መምታት ብቻ ነው።

የምቱ ፍጥነት ሲዛባ የሚደርሰውን የካሴት ዘመን ሰው ከልምዱ ያውቀዋል። የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፤ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። በዲጂታል ድምፅም እንዲሁ ነው። በሰኮንድ በ44,100 ናሙና የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ዜማ በ48,000 ምት ቢሰማ በ55 ደቂቃ ከ7.5 ሰኮንድ ያልቃል፤ ድግግሞሹም 8.8 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ድምፁ ይቀጥናል። እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ጎልቶ ስለሚሰማ ወዲያው ይታረማል።

አስቸጋሪው ጥቂቱ ልዩነት ነው። ሁለት ክሪስታሎች በአንድ ፋብሪካ ቢሠሩም ፍጹም አንድ አይሆኑም፤ ሙቀትና ዕድሜም ይለውጣቸዋል። በሁለት መለወጫዎች መካከል ከአንድ ሚሊዮን ምት የ20 ምት ልዩነት አለ እንበል። ሁለቱም 48,000 ይላሉ፤ ነገር ግን አንዱ 48,000 ሲመታ ሌላው 48,001 ሊመታ ምንም ያህል አይቀረውም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ 3,456 ናሙና፣ በጊዜ ሲሰላ 72 ሚሊ ሰኮንድ ይደርሳል። ላኪው ከተቀባዩ ከፈጠነ ተቀባዩ የተረፈውን ናሙና ይጥላል፤ ከዘገየም የጎደለውን ለመሙላት ያለፈውን ይደግማል። አዛውንቱ ሲናገሩ በየሰኮንዱ ገደማ ‹ጠቅ› ያለው ይህ መዝለል ወይም መደገም ነበር።

መፍትሔው ከሁሉም መሣሪያዎች አንዱ ብቻ እንዲመታ፣ ሌሎቹም እንዲከተሉት ማድረግ ነው። መሣሪያዎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ተከታዩ ምቱን ድምፁ ከሚመጣበት ገመድ ራሱ መቀበል ይችላል። ብዙ ሲሆኑ ግን ሥራው መምታት ብቻ የሆነ ልዩ መሣሪያ ይተከልና ለእያንዳንዳቸው በተለየ ገመድ ምት ያድላል። ‹ማስተር ክሎክ› የሚባለው ይኸው ነው። ተከታዩ መሣሪያ የሚደርሰውን ምት ከራሱ ምት ጋር ዘወትር ያነጻጽራል፤ የራሱ ከቀደመ ያዘገየዋል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ያፋጥነዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የተሳሳተ እምነት መታረም አለበት። የውጭ መሪ መሣሪያ መግዛት በራሱ ድምፅን አያሳምርም። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ መለወጫ አጠገቡ ካለው ክሪስታል የሚያገኘው ምት፣ በረጅም ገመድ ከሚመጣለት ምት ይልቅ ብዙ ጊዜ የጸና ነው። የውጭው መሪ የሚያስፈልገው ብዙ መሣሪያዎች እንዲስማሙ ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ስያሜው ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ሐ. ‹ሰዓት› ለምን አሳሳተ?

‹ሰዓት› በግእዝ የቀን ወይም የሌሊት ክፍል መጠሪያ ነው። በአማርኛ ትርጉሙ ሰፍቶ ቢያንስ ሦስት ነገር ያመለክታል። የመጀመሪያው የ60 ደቂቃ ልክ ነው፤ ‹ሁለት ሰዓት ፈጀ› እንደምንለው። ሁለተኛው የቀኑን ጊዜ የሚያሳየው መሣሪያ ነው፤ ‹የእጅ ሰዓት›፣ ‹የግድግዳ ሰዓት› እንደሚባለው። ሦስተኛው የተወሰነ ወይም ተገቢ ጊዜ ነው፤ ‹ሰዓቱ ደረሰ›፣ ‹ሰዓት እላፊ› በሚሉት አነጋገሮች እንደሚታየው። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ትርጉሞች የተለያዩ ቃላት አሉት። ‹ክሎክ› ግን ከመሣሪያው ተነሥቶ፣ መሣሪያውን ወደሚያንቀሳቅሰው ምት ተሻግሯል። የአማርኛው ‹ሰዓት› ይህን ድልድይ አልተሻገረም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «ሰዓቱን አስተካክል» ሲባል የሚያስተካክለው ቁጥሩን ነው፤ ከገርጂ ወጣቶችም የተለየ ነገር የሚያደርግ አልነበረም።

በቁጥሩና በምቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ከእኛ አገር የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በምሽት የሚነሣ መንገደኛ በጉዞ ወረቀቱ ላይ 22:30 የሚል ያነብባል። ያደረሰው ባለ ታክሲ በረራው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እንደ ሆነ ያውቃል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ፣ በመላው ዓለም የአቪዬሽን ሥራ የሚመራበትን ዓለም አቀፍ ጊዜ ስለሚጠቀሙና የኢትዮጵያ ጊዜ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ያንኑ ቅጽበት 19:30 ይሉታል። ቁጥሮቹ ሦስት ናቸው፤ ቅጽበቱ ግን አንድ ነው። ሦስቱ አቆጣጠሮች ዛሬ በ3 እና በ6 ሰዓት እንደሚለያዩ ሁሉ ነገም ከነገ ወዲያም የሚለያዩት በዚያው ልክ ነው። የየአንዳንዱ ሰኮንድ ከሌላው ሰኮንድ ጋር እኩል ይመታልና። እነዚህ በቁጥር ሳይመሳሰሉ በምት የተስማሙ ናቸው።

ተቃራኒውን ደግሞ እንመልከት። ሁለት ሰዎች ጧት መገናኛ አደባባይ ላይ ተገናኝተው የእጅ ሰዓታቸውን አንድ አድርገው ቢለያዩ፣ የአንደኛው ሰዓት በቀን አንድ ሰኮንድ የሚቀድም ከሆነ፣ ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ደቂቃ ይለያያሉ። እነዚህ ደግሞ ለጊዜው በቁጥር ተመሳስለው በምት ያልተስማሙ ናቸው። መለወጫዎች የሚያስፈልጋቸው የመጀመሪያው ዓይነት ስምምነት ሲሆን፣ የእኔ ትርጉም ያዘዘው ግን ሁለተኛውን ነበር።

በዚህ ምክንያት ‹ክሎክ› በዚህ ሙያ ‹ምት› ቢባል እመርጣለሁ። ‹ምት› ከ‹መታ› የወጣ ስም ነው። ‹የልብ ምት›፣ ‹የከበሮ ምት› በሚሉት ሐረጎች እየተደጋገመ በእኩል ልዩነት የሚመጣን ነገር ማመልከት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሙዚቀኞችም ‹ምት ጠበቀ›፣ ‹ምት ሳተ› ይላሉ። አዲስ ትርጉም በግድ አንጭንበትም፤ ያለውን ትርጉም ወደ መሣሪያ እናሻግረዋለን እንጂ። ‹ምት› በሽታንም፣ በእግር ኳስ ቅጣትንም ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በድምፅ ቀረጻ ጽሑፍ ውስጥ ግን እነዚህ ትርጉሞች ከዚህኛው ጋር የሚጋጩበት አጋጣሚ አይታየኝም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። መሣሪያው በራሱ ክሪስታል ሲሄድ ሁኔታውን ‹የራስ ምት› ብሎ መሰየም በመጀመሪያ እይታ ያስደስታል። ይሁን እንጂ ‹ራስ ምታት›ን የማያስታውስ አንባቢ ስለማይገኝ ‹የውስጥ ምት›፣ ‹የውጭ ምት› ማለት ይሻላል።

መ. ‹ማመሳሰል› እና ‹ማስማማት›

ሁለተኛው ያሳሳተ ቃል ‹አመሳስል› ነው። ይህ ቃል በስልክና በኮምፒዩተር አገልግሎቶች የአማርኛ ትርጉም ገብቶ ተለምዷል፤ በዚያም ተገቢ ነው። በሁለት ስልኮች የተመዘገቡ አድራሻዎች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ሲደረግ ነገሩ በእርግጥ መመሳሰል ነውና። የቃሉ መሠረት ‹መሰለ› ነው፤ አንዱ በመልክ ወይም በይዘት ሌላውን እንዲመስል ማድረግን ይገልጻል።

ገርጂ የነበሩት ሁለት መለወጫዎች ይመሳሰሉ ነበር። ሁለቱም 48,000 የሚል ቁጥር ያሳያሉ፤ ሁለቱም በትክክል ይሠራሉ። ችግሩ የተፈጠረው ተመሳስለው ሳለ ባለመስማማታቸው ነው። በመሆኑም ለዚህ ሙያ ‹ማመሳሰል› ከችግሩ የማያወጣ ብቻ ሳይሆን፣ ችግሩ የተፈታ የሚያስመስል ቃል ነው።

በምትኩ ‹ምት ማስማማት› የሚለውን አቀርባለሁ። ‹ተስማማ› ከ‹ሰማ› ጋር የሚዛመድ ግስ ሲሆን መደማመጥን በውስጡ ይዟል፤ ተከታዩ መሣሪያ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ የሌላውን ምት እየሰማ የራሱን ያርማል። ከዚህም በላይ፣ የውጭ መሪ ድምፅን ያሳምራል ለሚለው የተሳሳተ እምነት በር አይከፍትም፤ የሚስማማ ነገር የግድ የተሻለ ነው አይባልምና።

ሌሎች ሁለት አማራጮችም ታስበው ነበር። ‹ማቀናጀት› የብዙ ሰዎችን ወይም የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ሥራ አንድ ላይ ማደራጀት ስለሆነ የተፈለገውን ያህል አይጠብቅም። ‹መቃኘት› ደግሞ የክራርና የበገና አውታር የሚወጠርበትና የሚላላበት፣ የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት የሚመለከት ቃል ነው። ምትና ቅኝት በሙዚቃችን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመሣሪያ መምሪያ እንዲያቀላቅላቸው ማድረግ አይገባም።

ሠ. ‹ጌታና ባሪያ›

በእንግሊዝኛው መምሪያ መሪው መሣሪያ ‹ማስተር›፣ ተከታዩ ‹ስሌቭ› ተብሏል። በመጀመሪያው ረቂቄ ‹ጌታ መሣሪያ›፣ ‹ባሪያ መሣሪያ› ብዬ ነበር። ረቂቁን በክፍሉ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ እዚያ ላይ ስደርስ ወጣቶቹ ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ዐይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሣም። ምንም አልተባለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቃሉን ግን ወዲያው ሰረዝሁት።

በእንግሊዝኛው ሁለቱ ቃላት ለብዙ ዘመን ለማሽን ሲነገሩ ቆይተው ሰውን የሚያስታውሱበት ኃይል ለብዙዎች ደክሟል። በአማርኛ ግን አልደከመም። በአገራችን ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ ትውልድ አያቶች ዕድሜ ማለት ነው። ‹ባሪያ› በጸሎት ቋንቋ ሰው ራሱን በፈጣሪው ፊት ዝቅ የሚያደርግበት ቃል ሆኖ ይኖራል። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ሰውን በመልኩና በትውልዱ ለማዋረድ የሚወረወር ስድብ ነው። አንድ የሙያ መዝገበ ቃላት ይህን ቃል በየመሣሪያው ላይ እንዲጻፍ ቢያደርግ፣ መሣሪያውን የሚነካውን ሠራተኛ በየቀኑ ሊወጋ ይችላል።

በውጭው ዓለምም አስተያየቱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 የሎስ አንጀለስ አውራጃ አስተዳደር ዕቃ አቅራቢዎቹ በእነዚህ ሁለት ቃላት ከመጠቀም እንዲታቀቡ ጠይቋል። አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበርም በመረብ የተገናኙ መሣሪያዎች ጊዜ ለሚስማሙበት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ባጸደቀው ማሻሻያ፣ ‹ጊዜ አስተላላፊ› እና ‹ጊዜ ተቀባይ› የሚል ትርጉም ያላቸውን አማራጭ ስያሜዎች አቅርቧል። እኛ ገና ከጅምሩ የምንሰይም እንደ መሆናችን መጠን፣ ሌላው ሊጥለው የሚደክምበትን ሸክም የምናነሣበት ምክንያት የለም።

የተሻለው ምሳሌ በእጃችን ያለ ነው። በዓመት በዓል ቀን ቦሌ መድኃኔ ዓለምን ወይም ሌላ ደብር የተሳለመ ሰው ማኅሌቱን ያስታውሳል። ሊቃውንቱ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ መሪጌታው ይመራል፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ይቀበላሉ፤ በዝማሜ ጊዜ መቋሚያዎች ሁሉ አብረው ይወዛወዛሉ። እያንዳንዱ ሊቅ ዜማውን ራሱ ያውቃል፤ ነገር ግን በራሱ ምት አይሄድም። ተከታዩ መለወጫ የገዛ ራሱ ክሪስታል እያለው ለመሪው ምት መገዛቱ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ምሳሌው አንድ የምሕንድስና ነጥብም ያስረዳል። መሪው ለአፍታ ቢያመነታ አብሮት የሚያመነታ ተከታይ የመሪውን ጉድለት ይወርሳል፤ የራሱን ምት ይዞ ቀስ እያለ የሚያርም ተከታይ ግን ከመሪው ሳይለይ የጸና ይሆናል። ጥሩ መለወጫም የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

ስለዚህ ‹መሪ› እና ‹ተከታይ› እንድንል አሳስባለሁ። ‹መሪ› በመኪናም አቅጣጫ የሚያዝበት ክፍል ስም ስለሆነ ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም። ከ‹መሪ› ጋር በቅርጽ የሚጣመረው ‹ተመሪ› ነበር፤ ሆኖም በጽሕፈት ከ‹ተማሪ› የሚለየው በአንዲት ፊደል ቅጥያ ብቻ በመሆኑ ለእርማት ስሕተት የተጋለጠ ነው።

ረ. የቀሩት ቃላት

‹ዎርድ ክሎክ› የሚባለው በየናሙናው አንድ ጊዜ የሚመታ ምልክት ነው። ‹የቃል ሰዓት› ተብሎ ቢመለስ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ስለ ቋንቋ የተነገረ ይመስላቸዋል። በዚህ ሙያ ‹ዎርድ› ማለት የአንድ ናሙና ልክ የሚጻፍባቸው የ0 እና የ1 አኃዞች ስብስብ ነው። አማርኛው ‹የናሙና ምት› ቢባል ከእንግሊዝኛው የበለጠ ግልጽ ይሆናል።

ተከታዩ መሣሪያ መሪውን ማግኘቱን የሚያሳይ ትንሽ መብራት አለው፤ በእንግሊዝኛ ‹ሎክ› ይላል። ‹ተቆልፏል› ቢባል አንባቢው መሣሪያው አልሠራም ያለ ይመስለዋል፤ ቁልፍም ይፈልጋል። ‹ምት ይዟል› የሚለው ግን ከዘፋኝና ከከበሮ መቺ ልምድ የተወሰደ ስለሆነ ሁሉም ይረዳዋል።

የምት ጉድለት ሁለት ዓይነት ነው፤ ተርጓሚዎችም ብዙ ጊዜ ያደባልቋቸዋል። አንደኛው እያንዳንዱ ምት ከተገቢው ቅጽበት ጥቂት ሲቀድም ወይም ሲዘገይ ነው፤ ይህ ‹ጂተር› በፒኮ ሰኮንድ፣ ይኸውም በሰኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ፣ ሊለካ የሚችል ነው። ‹ዝንፍ አይልም› ከሚለው አነጋገር ወስደን ‹የምት ዝንፈት› ብንለው ጥቃቅንነቱና ከቦታው መነቅነቁ አብረው ይገለጻሉ። ሁለተኛው የሁለት መሣሪያዎች ምት እያደር እየተለያየ መሄድ ነው፤ ይህን ‹የምት መራራቅ› እንበለው። ‹መራራቅ› የተደራራጊ ቅርጽ ያለው ግስ እንደ መሆኑ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ዝንፈት ግን በአንድ መሣሪያ ብቻም ይደርሳል። ሰዋስዉ ራሱ ልዩነቱን ያስተምራል ማለት ነው።

በመጨረሻም፣ ምቱን የሚያደርሰው ገመድ የ75 ኦም ሲሆን በጫፉ የዚያው መጠን መቋቋሚያ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ምቱ ከጫፉ ተንፀባርቆ ይመለስና የሚከተለውን ያበላሻል። ይህ የጫፍ ዕቃ ‹መቋጫ› ቢባል ደስ ይለኛል። የነጠላ ጫፍ ካልተቋጨ ድሩ እንደሚፈታ ማንም ያውቃል።

ሰ. የቀረቡት ስያሜዎች

ናሙና፦ በአንድ ቅጽበት የተለካ የድምፅ ሞገድ ከፍታ፣ በቁጥር የተመዘገበ።
ድምፅ-ወደ-አኃዝ መለወጫ፦ ሞገድን እየለካ ናሙና የሚያወጣ መሣሪያ። ‹ለዋጭ› ከማለት ‹መለወጫ› የተመረጠው የመሣሪያ ስም ቅርጽ ስለሆነ ነው።
አኃዝ-ወደ-ድምፅ መለወጫ፦ ከናሙናዎች ሞገዱን መልሶ የሚሠራ መሣሪያ።
ምት፦ ናሙና የሚወሰድበትን ቅጽበት የሚወስን፣ በእኩል ልዩነት የሚደጋገም ምልክት።
የናሙና ምት፦ በየናሙናው አንድ ጊዜ የሚመታና በተለየ ገመድ የሚተላለፍ ምት።
የውስጥ ምት፣ የውጭ ምት፦ መሣሪያው ከገዛ ክሪስታሉ ወይም ከሌላ መሣሪያ የሚያገኘው ምት።
መሪ ምት፦ ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ የሚከተሉት ምት። ይህን የሚያመነጨው መሣሪያ ‹ምት ሰጪ› ይባላል።
ተከታይ፦ ምቱን ከመሪው ተቀብሎ የራሱን የሚያርም መሣሪያ።
ምት ማስማማት፦ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ መሪ ምት እንዲሄዱ ማድረግ።
ምት ይዟል፦ ተከታዩ ከመሪው ጋር መስማማቱን የሚያመለክት።
የምት ዝንፈት፦ የአንድ ምት ከተገቢው ቅጽበት መቅደም ወይም መዘግየት።
የምት መራራቅ፦ የሁለት ያልተስማሙ ምቶች እያደር መለያየት።
መቋጫ፦ በምት ገመድ ጫፍ የሚገባ የ75 ኦም መቋቋሚያ።

ሸ. መደምደሚያ

በቦሌ፣ በገርጂና በአካባቢያቸው ባሉ የድምፅ መቅረጫ ክፍሎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ዛሬም በአብዛኛው ‹ክሎክ› እያሉ ይግባባሉ። ቃሉን ከአፋቸው ለመንጠቅ የታሰበ ነገር የለም፤ ‹ዲጂታል› እና ‹ማይክሮፎን› እንደ ቀሩ ሁሉ ‹ክሎክ›ም ሊቀር ይችላል። ነገር ግን ሥራውን አዲስ ለሚማር፣ እንግሊዝኛው ለማይደርስለት ሰው መምሪያ ሲጻፍ፣ ከተውሶው ቃል ጋር ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው አማርኛ ያስፈልገዋል።

ያን ገጽ እንደገና ጽፌዋለሁ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛው መለወጫ በውስጥ ምት እንዳይሄድ አድርግ። ምቱን ከመጀመሪያው መለወጫ እንዲቀበል አድርግ። ‹ምት ይዟል› የሚለው መብራት ሳይበራ ቀረጻ አትጀምር።» ወጣቶቹ ይህን ወረቀት ከመለወጫው በላይ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፤ ‹ጠቅ› የሚለው ድምፅም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። የአዛውንቱ ቀረጻ ግን እንደ ተበላሸ ቀርቷል።

ከላይ የተዘረዘሩት ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ እንጂ የተወሰኑ አይደሉም። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ፤ ከማቅረቡ በፊት ግን ቃሉን መሣሪያው ፊት ለቆመ አንድ ሠራተኛ አንብቦ፣ ሠራተኛው እጁን ወዴት እንደሚዘረጋ ቢመለከት መልካም ነው።